ዘንግና ቀርከሃ፦ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ታሪክ ከኮልፌ አጣና ተራ ሲታይ

የአንድን ሕዝብ ኑሮ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ከነገሥታት ዜና መዋዕልና ከገዳማት መዝገብ ቀጥሎ ሊመለከተው የሚገባ ምስክር የሥራ መሣሪያ ነው። መጽሐፍ ጸሐፊው ሊናገር የወደደውን ይናገራል፤ መሣሪያ ግን ሠሪው ለመናገር ያላሰበውን ጭምር ይመሰክራል። ስለ ሞፈርና ቀንበር፣ ስለ ሸማኔ ዕቃ፣ ስለ ጦርና ጋሻ የሚደረገው ምርመራ ሁሉ ከዚህ አሳብ የተነሣ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ፣ እንዲያውም የልጆች መጫወቻ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ይህ ቀጭን በትር በአውሮፓና በአሜሪካ መሐንዲሶች የሚመራመሩበት፣ ምርጥ የተባለውም ከአንድ ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል። በአፍሪካ ካለው ቀርከሃ ትልቁ ድርሻ በሚበቅልባትና ታላላቅ ሐይቆች ባሏት በኢትዮጵያ ግን ዘንግ ስም ያለው መሣሪያ ሳይሆን ቀርቷል። የዚህ ልዩነት ምክንያት ምንድር ነው? የዘንግ ብቃት የሚባለውስ በምን ይለካል? ከመልሱስ ለአገሪቱ ቀርከሃና ለአገሪቱ ውሃዎች ምን ትምህርት ይገኛል? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይመለከታል። የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የአጣና ገበያ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ አጣና ተራ የሚባል ሠፈር አለ። ስሙን ያገኘው ከአጣና ንግድ፣ ይኸውም ለቤት ግድግዳ፣ ለአጥርና ለሕንፃ መወጣጫ ከሚውለው ከረጅሙ የባሕር ዛፍ እንጨት ንግድ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገሪቱ የገባው በ1890ዎቹ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው እንጨት ተቈርጦ ባለቀበትና መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ይዛወር የሚለው አሳብ በተነሣበት ጊዜ ፈጥኖ የሚያድገው ይህ እንግዳ ዛፍ ከተማይቱን በቦታዋ አጸናት። ስለዚህም አጣና የከተማይቱ ታሪክ ክፍል ነው።

አጣና የሚመርጥ ሰው የሚያደርገውን ልብ ብሎ መመልከት ለዚህ ነገር መግቢያ ይሆናል። በመጀመሪያ የእንጨቱን አንድ ጫፍ አንሥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀጥ ማለቱን ያያል። ቀጥሎም ብድግ አድርጎ ክብደቱን ይመዝናል። በመጨረሻም መሬት ላይ አስደግፎ ወይም በእጁ ይዞ በመወዝወዝ ምን ያህል እንደሚለመጥና ተለምጦም እንደሚቃና ይፈትሻል። ይህን የሚያደርገው ሰው ሚዛንና መለኪያ የለውም፤ ሆኖም የሚፈትሻቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለት ግትርነት፣ ክብደትና መልሶ መቃናት፣ የዘንግ ብቃት የሚለካባቸው እነዚያው ሦስት ነገሮች ናቸው።

የአማርኛ ቋንቋም ይህንን ዕውቀት በቃላት አኑሮታል። ቀጭኑና ተለማጩ ልምጭ ይባላል፤ ወፍራሙና ግትሩ ዱላ፤ ረጅሙና ቀጥ ያለው ዘንግ፤ እጀታው የታጠፈው ከዘራ፤ ካህን በማኅሌት የሚደገፍበት መቋሚያ። ሽመል የሚለው ቃል ደግሞ በአንድ በኩል የቈላውን ቀርከሃ፣ በሌላ በኩል ከእርሱ የሚሠራውን በትር ያመለክታል። ለእያንዳንዱ ጠባይ የተለየ ስም ያወጣ ሕዝብ ስለ በትር ባሕርይ ሳያስብ ኖረ ሊባል አይቻልም። እንግዲህ የጐደለው የበትር ዕውቀት ሳይሆን ያን ዕውቀት ወደ ውሃ ዳር የሚያወርድ ምክንያት ነበር።

ዓሣ በኢትዮጵያ እንዴት ይጠመድ ነበር

በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ከጥንት ጀምሮ የውሃ ሰዎች ናቸው። ከደንገል በሚታሰረው ታንኳ እየተጓዙ ቀድሞ ጉማሬ ያድኑ ነበር፤ ዓሣም ያጠምዳሉ። በዚያ አካባቢና በሌሎችም ወንዞች የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ይሰክርና ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ በኋላ በእጅ ወይም በቅርጫት መሰብሰብ ነው። በምዕራብ ቈላ በባሮ ወንዝ ዳር አኙዋኮች በጦር ይወጋሉ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መረብና በረጅም ገመድ ላይ የተደረደረ መንጠቆ ይሠራበታል። መንጠቆ ራሱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ መቃጥን በሚለው ስሙ ይታወቃል። ይሁን እንጂ የመንጠቆው ገመድ በአብዛኛው በእጅ ይያዛል ወይም በውሃ ውስጥ ተዘርግቶ ያድራል፤ በትር ቢጨመርበትም ከወንዙ ዳር ተቈርጦ ሥራው ሲያልቅ የሚጣል እንጨት ነው።

ለዚህ ሦስት ምክንያቶች ሊጠቀሱ ይችላሉ። የመጀመሪያው የጥቅም ነገር ነው። ዘንግ አንድን ዓሣ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ መሣሪያ ነው፤ ዓሣን ለምግብና ለገበያ የሚሻ ሰው ግን ብዙውን በአንድ ጊዜ የሚያወጣውን መረብ ወይም ብርብራ ይመርጣል። ሁለተኛው የገበያው ጠባይ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር በሊቃውንት ዘንድ እንዳለ ሆኖ፣ ብዙ ሰው በጾም ወራት፣ በተለይም በዐቢይ ጾም፣ ዓሣ ስለሚበላ ፈላጊው በእነዚያ ወራት ይበዛል፤ በሌላው ጊዜ ግን ሥጋ ከዓሣ ይቀድማል። እንዲህ በጥቂት ሳምንታት የሚደራ ገበያ ብዙ ዓሣ በአጭር ጊዜ የሚሰጥ መሣሪያ እንጂ ትዕግሥት የሚጠይቅ መሣሪያ አይፈልግም። ሦስተኛው የክብር ነገር ነው። በደጋው አገር ክብር የነበረው የመሬት፣ የበሬና የጦር እንጂ የእጅ ሥራና የውሃ አልነበረም፤ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ እንደተናቁ ሁሉ የውሃው ሰው ወይጦም ተለይቶ ኖሯል። መኳንንት ለጨዋታ ጉግስና ገና እንጂ ዓሣ ማጥመድን አልመረጡም።

ከሦስቱ ምክንያቶች ክብደት ያለው ሦስተኛው ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱም በሌላው ዓለም ዘንግን ከተራ እንጨትነት አውጥቶ ወደ ጥበብ ያደረሰው የምግብ ፍላጎት ሳይሆን የባለ ጊዜዎች ጨዋታ ስለሆነ ነው።

ዘንግ በባዕድ አገር

ስለ ሰው ሠራሽ ዝንብ የሚናገረው የታወቀ ጥንታዊ ምስክር በ200 ዓመተ ምሕረት ገደማ በሮም የኖረው ኤልያኖስ ነው። እርሱ እንደጻፈው በመቄዶንያ የሚኖሩ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ ሁለት ላባ አያይዘው፣ ዝንብ የሚመስለውን ይህን ማታለያ ስድስት ጫማ፣ ማለት 1.8 ሜትር ያህል በሆነ ዘንግና በዚያው ልክ በሆነ ገመድ ወደ ውሃ ይጥሉት ነበር። በ1496 በእንግሊዝ አገር የታተመው፣ ብዙዎች ጁልያና በርነርስ ለምትባል ሴት የሚሰጡት መጽሐፍ ዘንግ ከየትኛው እንጨት እንደሚቈረጥ፣ በምን ወር እንደሚቈረጥና በእሳት እንዴት እንደሚቃና ይዘረዝራል። ገመዱ የሚገመደው ከፈረስ ጭራ ነበር። ይህ የቃላት ዝርዝር ወይራን በጭስ አድርቆ፣ በቅቤ አሽቶ ዱላ ለሚያደርግ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይሆንም ነበር።

ታላቁ ለውጥ የመጣው ከእስያ በተወሰደ ቀርከሃ ነው። በ1840ዎቹ ሳሙኤል ፊሊፒ የሚባል በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ በኢስተን ከተማ የሚኖር የጠመንጃና የቫዮሊን ሠሪ ቀርከሃን በቁመቱ ሰንጥቆ፣ ፍላጮቹን አስተካክሎ በሙጫ በማጣበቅ ዘንግ መሥራት ጀመረ። ከእርሱ በኋላ በሜይን ግዛት የሚኖረው ሃይረም ሌናርድ በ1870ዎቹ ሥራውን በመኪና አከናወነው። ስድስት ፍላጮች፣ እያንዳንዳቸው ጎናቸው እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ሆነው ይላጉና ሲገጣጠሙ ባለ ስድስት ማዕዘን ዘንግ ይሆናሉ። በእንግሊዝ አገር በአልኒክ ከተማ በ1872 የተመሠረተው የሃርዲ ወንድማማቾች ቤትም በዚህ ሥራ ዝናን አተረፈ።

የዚህ ሥራ ምሥጢር በቀርከሃው አፈጣጠር ውስጥ ነው። የቀርከሃ ጥንካሬ ያለው ከቅርፊቱ አጠገብ በሚጠቀጠቁት ረጃጅም ጭረቶች ነው፤ ወደ ውስጥ በተሄደ ቍጥር ጭረቱ እየሳሳ ለስላሳው ክፍል ይበዛል። ስለዚህ ሠሪው ቅርፊቱን ሳይነካ ከውስጥ በኩል ብቻ ይልጋል፤ የፍላጩም ስሕተት ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ በጥቂት ብቻ የሚበልጥ እንዲሆን ይጠነቀቃል። ዘንጉ ከዚያ በምድጃ ሙቀት ይደርቃል። በመጀመሪያ የተሠራበት ከህንድ አገር የሚመጣው የካልካታ ቀርከሃ ሲሆን፣ በኋላ ከደቡብ ቻይና ከጓንግዶንግ የሚመጣው፣ በንግድ ስሙ ቶንኪን የሚባለው ተተካ። የዕፅዋት ሊቅ ፍሎይድ መክሉር በ1931 ይህን ቀርከሃ ለሳይንስ ሲገልጸው ‘ተወዳጁ’ የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም ሰጠው። የሚፈለግበትም ምክንያት ቅጥነቱ ሳይሆን የግድግዳው ውፍረት፣ የጭረቱ ጥቅጥቅነትና የአንጓዎቹ መራራቅ ነው።

ይህ ንግድ የተሰበረው በፖለቲካ ነው። በ1950 የኮርያ ጦርነት ሲፋፋም አሜሪካ ከቻይና ጋር የነበራትን ንግድ አቋረጠች፤ የቶንኪን ቀርከሃም ለአሜሪካ ሠሪዎች ቆመ። በዚያው ዘመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የተስፋፋው የመስታወት ጭረት በሙጫ ተይዞ ርካሽና የማይበሰብስ ዘንግ ሆኖ ገበያውን ያዘ። በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር በፋርንቦሮ የአየር ኃይል ዕቃ ምርምር ቤት የካርቦን ጭረት ለአውሮፕላን ሥራ ተዘጋጀ፤ በ1970ዎቹም ወደ ዘንግ ሥራ ተሻገረ። እንግዲህ ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ዘንግ የአውሮፕላን የቅርብ ዘመድ ነው።

ብቃት በምን ይለካል

የዝንብ ዘንግ ከሌላው ዘንግ የሚለይበትን ነገር ለማስረዳት ከቡሄ ጅራፍ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በሌላው ዓይነት ማጥመድ በገመዱ ጫፍ ያለው ክብደት ገመዱን ይዞ ይበራል። ሰው ሠራሹ ዝንብ ግን ላባና ክር ብቻ ስለሆነ ድንጋይ እንደሚወረወር ሊወረወር አይችልም። ስለዚህ ክብደቱ በገመዱ ላይ ይደረጋል፤ የሚወረወረው ገመዱ ነው፤ ዝንቡ ይከተለዋል። በደብረ ታቦር ዋዜማ ጅራፍ የሚያጮህ ልጅ ክንዱን ወደ ፊት ልኮ ድንገት ሲያቆመው ጅራፉ ቀለበት ሠርቶ ይሮጣል፤ ገመዱ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ የእጁ ኃይል ለታናሽ ክብደት ይተላለፍና ጫፉ ከድምፅ ይፈጥናል፤ የሚሰማውም ጩኸት ከዚህ የመጣ ነው። የዝንብ ገመድም እንዲሁ እየቀጠነ ይሠራል፤ በአየር ላይም ቀለበት ይሠራል። ልዩነቱ በመጨረሻው ላይ ነው፤ ጅራፉ ጮኾ እንዲያልቅ ይፈለጋል፤ ገመዱ ግን ዓሣውን ሳያስበረግግ እንደ ቅጠል በውሃው ላይ እንዲያርፍ ይፈለጋል።

ዘንጉ በዚህ መካከል ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የክንድን እንቅስቃሴ ማርዘም ነው፤ ሁለተኛው ጥጥ እንደሚነድፈው ደጋን ጉልበትን በመለመጥ አከማችቶ በመቃናት መመለስ ነው። ከዚህም የተነሣ የዘንግ ግትርነት ለብቻው ጥሩ ወይም መጥፎ አይባልም፤ ከገመዱ ክብደት ጋር መስማማት አለበት። በ1960ዎቹ መባቻ የአሜሪካ ዕቃ ሠሪዎች ማኅበር የመጀመሪያዎቹን 30 ጫማ፣ ማለት 9.1 ሜትር ገመድ በመመዘን ለገመዶች ቍጥር ሰጠ፤ በዚህ ደንብ ቍጥር 5 የተባለው ገመድ 9 ግራም ያህል ይመዝናል። ዘንግም በሚስማማው ገመድ ቍጥር ይጠራል።

ግትርነት ከውፍረት ጋር ያለው ግንኙነት ለተመልካች የሚያስደንቅ ነው። የድፍን ክብ በትር ውፍረት በእጥፍ ቢያድግ ግትርነቱ በእጥፍ ሳይሆን በ16 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ሠሪው በአንዱ ቦታ ከላገው በሌላው ደግሞ ከተወው የሚገኘው ለውጥ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ጫፉ አካባቢ ብቻ የሚለመጠው ዘንግ ፈጣን ይባላል፤ እስከ እጀታው የሚለመጠው ዘገምተኛ ይባላል። ኤቨረት ጋሪሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የድልድይ ስሌት በሚሠራበት ዘዴ በዘንጉ እያንዳንዱ ክፍል የሚደርሰውን ጫና አስልቶ የቀርከሃ ዘንግ ቅጥነትን መወሰን የቻለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከግትርነት ቀጥሎ ክብደት ይመጣል። ከእጅ እየራቀ የሚሄድ ክብደት በርቀቱ ስኩዌር መጠን እጅን ስለሚያደክም፣ በጫፉ ላይ ያለ አንድ ግራም ከእጀታው አጠገብ ካለ ብዙ ግራም ይበልጣል። ካርቦን ያሸነፈው በዚህ ነው። የካርቦን ጭረት ግትርነት 230 ጊጋፓስካል፣ የመስታወት ጭረት 72 ጊጋፓስካል ገደማ ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ካርቦን 1.8 ግራም ሲመዝን መስታወቱ 2.5 ግራም ይመዝናል። በክብደት ተካፍሎ ሲታይ ካርቦን መስታወቱን ከአራት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሞከረው የብረት ዘንግም 200 ጊጋፓስካል ግትርነት እያለው ያልቀናው ብረት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 7.8 ግራም ስለሚመዝን ነው። ሦስተኛው ነገር ዘንጉ ገመዱን ከለቀቀ በኋላ መንቀጥቀጡን ፈጥኖ ማቆሙ ነው፤ የሚርገበገብ ጫፍ የገመዱን ቀለበት ያበላሻልና።

ነገር ግን ውድ የሆነው ሁሉ ለሁሉ ይበልጣል ማለት አይደለም። ግትርና ቀላል የሆነው የካርቦን ዘንግ በነፋስ መካከል ሩቅ ለመወርወር ይበልጣል። በጠባብ ወንዝ፣ በአጭር ርቀት፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ክር ትንሽ ዝንብ ለሚጥል ሰው ግን ለስላሳው ቀርከሃ ዓሣው ሲጎትት ተለምጦ ክሩን ከመበጠስ ያድነዋል። የቀርከሃ ዘንግ እስከ ዛሬ በእጅ እየተሠራ በከፍተኛ ዋጋ መሸጡ ለትዝታ ብቻ አይደለም። ብቃት የመሣሪያ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን በመሣሪያ፣ በውሃና በሰው መካከል ያለ ስምምነት ነው።

እነዚህን ነገሮች ለመለካት ትልቅ መሣሪያ ቤት የግድ አያስፈልግም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዊልያም ሃነማን የተባለ አሜሪካዊ ቀላል ዘዴ አወጣ፤ ዘንጉን በአግድም አስሮ፣ በጫፉ ላይ ትንሽ ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ጫፉ የዘንጉን ርዝመት አንድ ሦስተኛ ያህል እስኪወርድ ድረስ እያንዳንዱ 2.5 ግራም የሚመዝን የአሜሪካ ሳንቲም አንድ በአንድ መጨመር ነው። የሳንቲሞቹ ብዛት የዘንጉን ጉልበት ይናገራል። በሺህ ዶላር የሚሸጠው ዕቃ በሳንቲም መመዘኑ ለዚህ ታሪክ ተገቢ ምሳሌ ነው።

የኢትዮጵያ ቀርከሃ

በኢትዮጵያ የሚበቅለው ቀርከሃ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል። ዓይነቱ ሁለት ነው። የደጋው ቀርከሃ ከባሕር ወለል ከ2200 ሜትር በላይ በአዊ በእንጅባራ አካባቢ፣ በሲዳማ፣ በጉራጌ፣ በጋሞ ደጋና በሸካ ይበቅላል፤ ረጅምና ውስጡ ክፍት ነው። የቈላው ቀርከሃ፣ ሽመል የሚባለው፣ በተለይ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ሰፊ ደን ሆኖ ይገኛል፤ ከደጋው ያጠረና ውስጡ ድፍን ወይም ወደ ድፍንነት የቀረበ ነው። በአፍሪካ ካለው ቀርከሃ ትልቁ ድርሻ በዚህች አገር መገኘቱን የደን ባለሙያዎች ይስማሙበታል።

ሕዝቡ ከዚህ ተክል ያወጣው ጥበብ ትንሽ አይደለም። የዶርዜ ቤት ለዚህ ዋና ምስክር ነው። እስከ 12 ሜትር ከፍ የሚለው ይህ ቤት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተጠልፎ ይሠራል፤ ሥሩ በምስጥ ሲበላ ከታች እየተቈረጠ ያጥራል፤ ቦታው ሲለወጥም ተሸክመውት ይሄዳሉ። ቤቱን የሚሠራው ሰው የትኛው ግንድ እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው እንደሚሰበር፣ ገና ያልበሰለው እንደሚጨማደድ ያውቃል። ቀርከሃ ለሥራ የሚደርሰው በሦስት ዓመቱ ገደማ መሆኑን ለማወቅ ከላቲን ስም ይልቅ ይህ የእጅ ዕውቀት ቀድሟል።

ሆኖም ይህ ዕውቀት ወደ ገበያ ሲደርስ ይጠፋል። ቀርከሃ ለአጥር፣ ለጣሪያ፣ ለቅርጫትና ለወንበር ሲሸጥ ዋጋው በርዝመቱና በብዛቱ እንጂ በጭረቱ ጥቅጥቅነት፣ በዕድሜው ወይም በተቈረጠበት ወራት አይወሰንም። በሳሙኤል ፊሊፒ ዘመን ግን ያው አንድ ግንድ ከእስያ በመርከብ እንደ ተራ ሸቀጥ መጥቶ፣ በሰንጣቂውና በላጊው እጅ ካለፈ በኋላ ብዙ እጥፍ ዋጋ አወጣ። የዋጋው ልዩነት የተክሉ ሳይሆን የመለየት ጥበብ ነው።

በዚህ ስፍራ ችኩል ድምዳሜ መጠንቀቅ ይገባል። የኢትዮጵያ ቀርከሃ የቶንኪንን ያህል ለዘንግ ይበቃል ማለት ከወዲሁ አይቻልም። የደጋው ቀርከሃ ግድግዳ ለስድስት ፍላጭ የሚበቃ ውፍረት አለው ወይ፣ አንጓዎቹስ ምን ያህል ይራራቃሉ የሚለው በየአውራጃው ተለክቶ የሚታይ ነገር ነው። የቈላው ሽመል ድፍን መሆኑ ለዱላ መልካም ቢሆንም በመሐሉ ያለው ለስላሳ ክፍል ለዘንግ ትርፍ ክብደት ነው፤ ነገር ግን ተሰንጥቆ የውጪው ክፍል ብቻ ቢወሰድ ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። የሚያስፈልገው ፈተና ውድ አይደለም፤ ዕድሜያቸውና የተቈረጡበት ቦታ የታወቀ ግንዶች፣ አንድ መላጊያ፣ አንድ ሚዛንና ጥቂት ሳንቲሞች ይበቃሉ። ውጤቱ ለዘንግ ባይሆን እንኳ ለወንበር፣ ለወለልና ለቤት ሥራ የሚሆን የጥራት መለያ ያስገኛል። ሰፊው የቈላ ደን ለእርሻ እየተመነጠረ ባለበት ዘመን ተክሉን የሚያድነው ዋጋ ያለው መሆኑ ነውና፣ ይህ የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም።

መሣሪያና ውሃ

ዝንብ ዘንግ ወደ ኢትዮጵያ በተግባር የገባው በባሌ ተራሮች ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በወይብና በዳንካ ወንዞች ተለቀቀ። ኬንያም ራሷ ይህን ዓሣ ያገኘችው በ1905 ከስኮትላንድ በመጣ እንቍላል ነው። እንደ ባሕር ዛፉ ሁሉ ዓሣውም እንግዳ ነው፤ ዘንጉም ተከትሎት የመጣ እንግዳ ነው። ባሌን የሚጐበኙ ዓሣ አጥማጆች የሚይዙት ዘንግ በውጭ አገር የተሠራ ሲሆን፣ ተራራው ግን የራሱ የቀርከሃ ደን አለው።

ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የሚገኘው ግን ከጣና ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ጣናን ጐብኝቶ ዓሣዎቹን ለሳይንስ ገለጸ፤ በ1990ዎቹ የሆላንድ ሊቃውንት ባደረጉት ምርመራ በሐይቁ ውስጥ ወደ 15 የሚጠጉ፣ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ትላልቅ የባርበስ ዓይነቶች እንዳሉ ተረጋገጠ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ወራት እንቍላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎች ወንዞች ይወጣሉ። ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በሐይቁ ገባ፤ መረቡ በወንዞቹ አፍ ሲዘረጋ ሊዋለድ የሚሄደውን ዓሣ በአንድነት ያወጣል። ከዚህ በኋላ በ1990ዎቹ ውስጥ የእነዚህ ዓሣዎች ብዛት እጅግ መቀነሱን ሊቃውንቱ በመረጃ አሳይተዋል። ቀድሞ የታንኳው ታናሽነት ራሱ ሕግ ነበር፤ ከሚችለው በላይ አያወጣምና። ታንኳው ሲለወጥ ያልተጻፈው ሕግ ተሻረ፤ በቦታው የሚተካ የተጻፈ ሕግና ሕጉን የሚያስፈጽም እጅ ግን በዚያው ፍጥነት አልደረሰም።

የዘንግ ታሪክ ለዚህ ነገር የሚሰጠው አሳብ አለ። ዘንግ አንድ ዓሣ በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ የወጣውም በሕይወት ሊመለስ ይችላል። ይህ ለጣና አጥማጅ ቤተሰብ መረብን ይተካል ማለት ተላላነት ነው፤ የሚበላ ሰው የሚጫወተውን ሰው መሣሪያ ሊይዝ አይገደድም። ነገር ግን ዓሣው በሚዋለድባቸው ወራት መረብ ከወንዝ አፍ ቢነሣ፣ በእነዚያ ወራት እንግዳ የሚያስተናግድ፣ ዘንግ የሚያከራይና የሚመራ የአገሩ ሰው ከዚያው ዓሣ ሌላ ገቢ ሊያገኝ ይችላል። ክብር የተነፈገው የውሃ ሰው ዕውቀት፣ ማለት ዓሣው የት እንደሚተኛ፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚበላ ማወቅ፣ የሚከበርበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ኮልፌ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ የሚያስብ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከዚያ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ከተማይቱ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ከምትጠጣበት ከገፈርሳ ግድብ አጠገብ ያልፋል፤ ከአየር ጤና የሚነሣው የጅማ መንገድ ደግሞ ብሔራዊው የዓሣና የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ወዳለበት ወደ ሰበታ ያደርሳል። በሁለቱ መንገዶች መካከል ትንሹ አቃቂ የፋብሪካና የቤት ቈሻሻ ተሸክሞ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በአንድ በኩል ስለ ዓሣ የሚመረመርበት ቤት፣ በሌላ በኩል ንጹሕ ውሃ የሚጠበቅበት ግድብ፣ በመካከላቸው ማንም መንጠቆ የማይጥልበት ወንዝ መኖሩ የዚህን ታሪክ ፍሬ ነገር በአንድ ስፍራ ያሳያል። አጣና ተራ ላይ በአንድ ዓይኑ እንጨት የሚመርጠው ሰው ቀጥ ያለውን ከጐበጠው፣ የሚቃናውን ከሚሰበረው ይለያል። ይህ የመለየት ልማድ ወደ ቀርከሃው ደንና ወደ ወንዙም ቢሻገር፣ አገሪቱ ዘንግ ባትሠራ እንኳ፣ ዘንግ ሊጣልበት የሚገባ ውሃ ይኖራታል።